ገንዘብ ያዧን አሳስረው ሥራ አስኪያጁን የሚያስመልጡ ስህተቶች

ከታክሲ ውስጥ ስልክ የሰረቀ ልጅ ሲያዝ ምስክሩ ሁለት፣ ኤግዚቢቱ አንድ ነው። መዝገቡ ከጥቂት ገጽ አያልፍም። የድርጅት ገንዘብ በግዢ ስም ያወጣ ኃላፊ ሲጠረጠር ግን ማስረጃው በካርቶን የታጨቀ ወረቀት ነው። ምስክር የሚሆኑትም ደመወዛቸው በእሱ ፊርማ የሚከፈል ሠራተኞች ናቸው። ወረቀቱን የሚያነብ ባለሙያ ይፈለጋል፣ ባንክ ይጠየቃል፣ ወራት ይጠበቃል። እስከዚያው ግለሰቡ ሥራ ይለቃል፤ አንዳንዴም የምስጋና ደብዳቤ ተጽፎለት ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 4 ይህንኑ ይደግማል። እኩልነቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጓደለው ዳኛ ፊት ሳይደረስ ነው፤ ጉድለቱ በታየበት ሳምንት፣ ሰነዱ ማን እጅ እንዳለ ባልታወቀበት ሰዓት፣ ኦዲተሩ የመጀመሪያዋን ማስታወሻ ሲጽፍ። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚባለው ለእንዲህ ያለ መዝገብ የተነገረ ይመስላል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች የውስጥ ኦዲተሮች፣ የቦርድ አባላት፣ የአክሲዮንና የኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት፣ አንድ ነገር አይተው መናገር የፈለጉ ሠራተኞችም በተደጋጋሚ የሚሠሯቸው ናቸው።

ሰነዱ ሳይያዝ ሰውየውን ማናገር

ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ኦዲተሩ የማይጣጣም ክፍያ ያገኝና ጨዋነት ነው ብሎ በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ይሄዳል፤ «እስቲ ይህችን ነገር ያብራሩልኝ» ይላል። በማግስቱ ቫውቸሩ ከፋይሉ የለም። ሒሳብ ክፍል «ለግዢ ልከናል» ይላል፣ ግዢ ክፍል «አልደረሰንም» ይላል። የቀረው ፎቶ ኮፒ ብቻ ይሆናል፤ ዋናው የጠፋ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ለተከላካይ ጠበቃ የመጀመሪያው መቃወሚያ ነው።

ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ዋናው ሰነድ ይያዝ፦ የክፍያ ቫውቸሩ ከነአባሪው፣ የቼክ ጉርዱ፣ የግዢ መጠየቂያው፣ የግዢ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ፣ ዕቃው የገባበት ሞዴል 19 እና የወጣበት ሞዴል 22። ርክክቡ በዝርዝር ይሁን። የሰነዱ ዓይነት፣ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የገጹ ብዛት፣ ከማን እጅ በስንት ሰዓት እንደተወሰደ ይጻፍና ሰጪ፣ ተቀባይና አንድ ታዛቢ ይፈርሙበት። ዋናው ካዝና ገብቶ ይቆለፍ፤ ሥራው በቅጂ ይሠራ። በዋናው ላይ ማስመር፣ በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ፣ ስቴፕለር ፈትቶ እንደገና መምታት ክልክል ነው። የፊርማ ምርመራ ሲጠየቅ ኋላ የተጨመረ ምልክት ሁሉ ጥያቄ ይወልዳል።

ቀጥሎ የባንክ መግለጫ ነው። የባንክ መግለጫን ከሒሳብ ክፍሉ ፋይል ወስዶ መሥራት ራሱን የቻለ ስህተት ነው፤ መግለጫ በኮምፒዩተር እንደገና ተጽፎ ፋይል ውስጥ ሊገባ ይችላል። በድርጅቱ ደብዳቤ ከባንኩ በቀጥታ ይምጣ፤ ደብዳቤውንም ከተጠርጣሪው ሌላ የሆነ ፈራሚ ይፈርም።

ኮምፒዩተር ካለ ማንም «እስቲ ልየው» ብሎ አይክፈተው። ፋይል በተከፈተ ቁጥር የቀንና የሰዓት መረጃው ይቀየራል። መለያ ቁጥሩን መዝግቦ፣ ከኔትወርክ ነጥሎ፣ አሽጎ ባለሙያ መጥራት ነው። የደኅንነት ካሜራ ደግሞ በራሱ ላይ እየደረበ ስለሚቀርጽ በሳምንታት ውስጥ የድሮው ይጠፋል፤ በመጀመሪያው ቀን ካልተገለበጠ የለም ማለት ነው። በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረትም አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ (ግንኙነቱ ከማን ወደ ማን፣ መቼ እንደተደረገ የሚያሳየውን መረጃ) እንዲያቆዩ የሚገደዱት ለ1 ዓመት ነው። «ቦርዱ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይየው» እየተባለ የተጎተተ ጉዳይ ይህን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ሰውየው የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ጥያቄው «ምን ተፈጠረ?» ሳይሆን «ይህ ፊርማ የርስዎ ነው? በዚህ ቀን ሥራ ላይ ነበሩ?» ይሆናል።

ክብርን እንደ ማስረጃ መቁጠር

«እሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገቡም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ስንቱን ምርመራ አስቁማለች። በአሜሪካ በርናርድ ማዶፍ የናስዳክ የአክሲዮን ገበያ ሊቀ መንበር የነበረ፣ የደንበኞቹን ገንዘብ አክሲዮን እገዛበታለሁ ብሎ ያጭበረበረ ሰው ነው። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ የፋይናንስ ተንታኝ ከእ.ኤ.አ. 2000 ጀምሮ ለተቆጣጣሪው ኮሚሽን ደጋግሞ አመልክቷል፤ በ2005 ደግሞ 30 ገደማ የማጭበርበር ምልክቶችን ዘርዝሮ አስገብቷል። መርማሪዎቹ በየጊዜው የሰውየውን ማብራሪያ ተቀብለው ተመለሱ። ማዶፍ የተያዘው በታኅሣሥ 2008 ልጆቹ ከጠቆሙ በኋላ ነው፤ በ2009 የ150 ዓመት እስር ተፈረደበት። በገንዘቡ ተገዛ የተባለው አክሲዮን በእርግጥ መኖሩን ከሦስተኛ ወገን ማረጋገጥ ቢያንስ ብዙ ዓመት ቀድሞ ነገሩን ባወጣው ነበር።

መድኃኒቱ ሰውን መጠርጠር አይደለም፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ማረጋገጫ መጠየቅ ነው። የገንዘብ ያዧ ሳጥን ያለማስጠንቀቂያ የሚቆጠር ከሆነ የሥራ አስኪያጁ ቅድመ ክፍያም ያለማስጠንቀቂያ ይታይ። የተመሰከረላቸው የማጭበርበር መርማሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ጥናት 1,921 ጉዳዮችን አይቶ ነበር፤ ተራ ሠራተኛ የፈጸመው ማጭበርበር መካከለኛ ጉዳቱ 60,000 ዶላር ሲሆን በባለቤቶችና በከፍተኛ አመራሮች የተፈጸመው 500,000 ዶላር ነው። ቁጥጥሩ የሚበዛው ግን ታች ነው፦ በመስኮቷ፣ በጥበቃው፣ በመጋዘን ሠራተኛው ላይ።

«ሦስት ፕሮፎርማ አለው» ብሎ ማለፍ

ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም ከሦስት ነጋዴ የመጣ የዋጋ ማቅረቢያ፣ መኖሩ የሚያሳየው ሦስት ወረቀት መኖሩን ብቻ ነው። ውድድር ስለመኖሩ የሚናገረው የወረቀቱ ይዘት ስለሆነ ሦስቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ማየት ያስፈልጋል።

የስልክ ቁጥሮቹ ይነጻጸሩ፤ በአንደኛው ላይ የቢሮ ስልክ የሆነው በሌላኛው ላይ ሞባይል ሆኖ ይገኛል። የፊደል ግድፈት ይፈለግ። ሦስት የማይተዋወቁ ነጋዴዎች ሁሉም «ላፕቶፕ» የሚለውን ቃል በአንድ ዓይነት መንገድ ከተሳሳቱ አንድ ሰው ነው የጻፈው። የዕቃዎቹ ቅደም ተከተል ይታይ፤ ከግዢ መጠየቂያው የተለየ ሆኖ በሦስቱም ላይ ግን አንድ ከሆነ ከአንድ ፋይል ተገልብጧል። ዋጋቸው ይካፈል፤ ሁለተኛው በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከአንደኛው ልክ 5 በመቶ፣ ሦስተኛው ልክ 8 በመቶ ከበለጠ ያ ዋጋ ከገበያ የመጣ አይደለም። የተለያየ ዕቃ በተለያየ መጠን ነው የሚወደደው።

ከዚያ የአሸናፊው ደረሰኞች። ለዚያው አቅራቢ በአንድ ዓመት ውስጥ የከፈልነውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድረን የደረሰኝ ቁጥሩን ብቻ እናንብብ። በጥቅምት 0041፣ በታኅሣሥ 0042፣ በመጋቢት 0043 ከሆነ ድርጅቱ ከእኛ በቀር ደንበኛ የለውም። ቁጥሩ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ማለትም የሰኔው ደረሰኝ ከየካቲቱ ያነሰ ቁጥር ካለው፣ ደረሰኙ ኋላ ተጽፎ ቀኑ ወደፊት ወይም ወደኋላ ተገፍቷል፤ ወይም ሐሰተኛ ጥራዝ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ የንግድ ፈቃዱን ዘርፍና የተመዘገበበትን ቀን ማጣራት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ጨረታው ከመውጣቱ ሁለት ሳምንት በፊት የተቋቋመ ድርጅት ጨረታውን ካሸነፈ መሥራቾቹ እነማን እንደሆኑ መታየት አለበት።

የተከፋፈለ ግዢም በዚሁ መንገድ ይወጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአንድ አቅራቢ የተገዛ ተመሳሳይ ዕቃ ሁሉ ይደመር፤ እያንዳንዱ ክፍያ ከጨረታ ጣሪያው (ያለ ጨረታ መግዛት ከሚፈቀድበት ከፍተኛ መጠን) ትንሽ ዝቅ ብሎ ድምሩ ግን ጣሪያውን ከዘለለ ሆን ተብሎ ተቆርጧል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የሰኔን ወር ለብቻው ማየት ያዋጣል፤ በጀት እንዳይመለስ የሚደረገው ጥድፊያ ለእንዲህ ያለ ነገር የተመቸ ነው።

ወረቀቱ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ዕቃው ሐሰተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወርቅ ብሎ ከገዛው መካከል በወርቅ የተለበጠ ብረት ተገኝቶ ነበር፤ ነገሩ የታወቀው ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ተመልሶ ሲመጣ ነው። ሞዴል 19 ላይ «50 ኩንታል ሲሚንቶ» ከተባለ መጋዘን ገብቶ መቁጠር፣ የጥበቃውን የመኪና መግቢያ መዝገብ ማየት፣ ያን ቀን 50 ኩንታል የጫነ መኪና በበር ማለፉን ማረጋገጥ ነው። የጥበቃ መዝገብን ማንም ስለማያስታውሰው ብዙ ጊዜ ሳይነካ ይገኛል።

የተጠቃሚ ስምን እንደ ሰው መቁጠር

ገንዘብ ያዧ የምትታሰረው እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ ክፍያውን የመዘገበው በእሷ ስም ስለሆነ «አንቺ ነሽ» ትባላለች። ግን የይለፍ ቃሏን አለቃዋ ያውቀዋል፤ በምሳ ሰዓት በወረቀት ጽፋ ትታለታለች፤ እንቢ ብትል በማግስቱ ወደ ሌላ ክፍል ትዛወራለች። የሲስተም መዝገብ የሚነግረን የትኛው ስም እንደገባ ነው። ማን ጣቱን እንዳሳረፈ አይነግረንም።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ አጠራጣሪ ግብይት ጎን አምስት ነገር ይጻፍ፦ ሰዓቱ እስከ ደቂቃው፣ የገባበት ኮምፒዩተር መለያ፣ ግብይቱን የጀመረውና ያጸደቀው ስም፣ የሁለቱም የዕለቱ የሥራ መግቢያና መውጫ ፊርማ፣ የፈቃድ መዝገብ። በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሠራተኛ ስም 14 ጊዜ ገብቶ ከተገኘ ተጠያቂዋ እሷ አይደለችም። ከሥራ ሰዓት ውጪ ከኃላፊው ቢሮ ኮምፒዩተር በገንዘብ ያዧ ስም የተሠራ ክፍያ ስለ ኃላፊው ነው የሚናገረው።

በወረቀቱም በኩል እንዲሁ ነው። ቫውቸር ላይ ሦስት ፊርማ አለ፤ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ብዙ የኦዲት ሪፖርት የመጀመሪያውን ብቻ በስም ይጠራና ሁለቱን «የሥራ ኃላፊዎች ክትትል ማነስ» በሚል ሐረግ ያልፋቸዋል። ይህች ሐረግ በሪፖርት ውስጥ ስትገባ ወንጀሉ በሁለት ተከፍሏል ማለት ነው፤ ታች ያለው ወደ ፖሊስ፣ ላይ ያለው ወደ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ሪፖርት ጸሐፊው ሦስቱንም በስም፣ በሥራ መደብና በቀን ማስቀመጥ፣ ያጸደቀው ሰው ምን ሰነድ ፊቱ ሳይኖር እንዳጸደቀም መግለጽ ይገባዋል። ጥፋተኛ ማለት አይደለም፤ ጥያቄው ለሦስቱም እኩል እንዲቀርብ ነው።

የኃላፊውን ቃል ትእዛዝም መዝግቡ። «በስልክ አዘውኛል» የሚል ሠራተኛ ካለ ቀኑንና ሰዓቱን ያስታውስ፤ የስልክ ጥሪ ዝርዝር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲመጣ ቃሉን ሊደግፍ ይችላል። ምርመራው ሳያልቅም ለማንም ክሊራንስ አይሰጥ። ክሊራንስ ይዞ የወጣ ኃላፊ «ድርጅቱ ራሱ ዕዳ የለብህም ብሎኛል» ይላል፤ ይህንንም በማስረጃነት ያቀርበዋል።

ጉዳቱን ተቻኩሎ ማስላት

የተጋነነ ቁጥር ጥሩ መዝገብ ይገድላል። የቅጣት አወሳሰን መመሪያውም ክብደቱን ከገንዘቡ መጠን ጋር ስለሚያያይዘው፣ የመስቀለኛ ጥያቄው ግማሽ በዚህ ላይ ነው የሚያልፈው።

የተለመደችውን ስሕተት በቁጥር እንያት። ዕቃው የተገዛው ተጨማሪ እሴት ታክስን ጨምሮ በ1,150,000 ብር ነው። ኦዲተሩ ገበያ ወጥቶ ዋጋው 780,000 ብር መሆኑን ሰማ፤ ጉዳቱን 370,000 ብር ብሎ ጻፈ። ግን ከገበያ ያመጣው ዋጋ ታክስ የሌለበት ነው። 15 በመቶ ሲታከልበት 897,000 ብር ይሆናል፣ ትክክለኛው ልዩነት 253,000 ብር ነው። 117,000 ብሩ ስህተት ፍርድ ቤት ውስጥ ሲወጣ ዳኛው የሚጠራጠረው ያችን መስመር ብቻ ሳይሆን ሪፖርቱን በሙሉ ነው። የገበያ ዋጋውም ግዢው በተፈጸመበት ወር የነበረው ይሁን። የዋጋ ንረት ባለበት አገር የዛሬን ዋጋ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸር ተጠርጣሪውን ነው የሚጠቅመው።

ሦስት ቁጥሮች ተለያይተው ይቀመጡ፤ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ፣ ድርጅቱ ያጣው፣ ግለሰቡ ያገኘው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱ አንድ አይደሉም። ባለሥልጣኑ ያገኘው 40,000 ብር ሆኖ ሕዝቡ ያጣው 4 ሚሊዮን ሊሆን ይችላል።

ከቁጥር ጋር የሚሄደው ሌላው ስህተት ቀን ነው። ቫውቸሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የባንክ መግለጫውና የሲስተሙ መዝገብ በፈረንጅ ይሆናል። 05/06/2016 ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 5 ሲሆን፣ በፈረንጅ ከተነበበ ሰኔ ወይም ግንቦት ሊባል ይችላል፤ ዓመቱም ከሰባት ዓመት በላይ ይርቃል። በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጠራ።

«የግል ድርጅት ስለሆነ ሙስና አይባልም»

ይባላል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከመንግሥት ልማት ድርጅት አልፎ «ሕዝባዊ ድርጅት»ንም ይሸፍናል። ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድር የግሉ ዘርፍ አካል በዚህ ውስጥ ይገባል። ዕድርንና የመሳሰሉትን ባህላዊ ማኅበራት፣ የሃይማኖት ድርጅቶችንና የፖለቲካ ፓርቲዎችን አዋጁ ከዚህ ትርጉም አውጥቷቸዋል። እነሱ ላይ ግን እምነት ማጉደልና አታላይነት የሚባሉት የወንጀል ሕጉ አንቀጾች፣ 675 እና 692፣ አሉ። ስለዚህ የአክሲዮን ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ጉቦ ሲቀበል «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የሚለው ቦርድ ሕጉን አላነበበም።

«ገንዘቡን መልሷል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል»

ሽምግልና የከበረ ነገር ነው። የተጣላን ያስታርቃል፣ ቂም ያወርዳል። በሙስና ወንጀል ላይ ግን ሽማግሌም ሆነ ቦርድ ክስ የማንሳት ሥልጣን የለውም። ገንዘብ መመለስ ቅጣት ማቅለያ ሊሆን ይችላል፤ ድርጊቱን ግን አልተፈጸመም አያሰኘውም። ስልኩን ለባለቤቱ የመለሰው ልጅ ተለቅቆ አይሄድምና ገንዘቡን የመለሰው ሥራ አስኪያጅም በዚያው ሚዛን መታየት አለበት።

ገንዘቡ ሲመለስ በደረሰኝ፣ ከምን ሒሳብ እንደወጣ ተመዝግቦ፣ «ይህ ክፍያ የወንጀል ተጠያቂነትን አያስቀርም» ተብሎ ይሁን። ከየት መጣ የሚለው ጥያቄም አይዘለል። በ15 ሺህ ብር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው በአንድ ቀን 3 ሚሊዮን በሲፒኦ (በባንክ በተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ከመለሰ ሲፒኦውን ያሠራው ሰው ማን እንደሆነ ራሱ ማስረጃ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ማስመለስ አዋጅም የወንጀል ጥፋተኝነት ውሳኔን ሳይጠብቅ ንብረት በፍትሐ ብሔር መንገድ የሚጠየቅበትን በር ከፍቷል። ንብረቱ በዘመድ ስም መዞሩ እንግዲህ እንደ ድሮው መጨረሻ አይደለም።

አስሮ ማስረጃ መፈለግ

ሰው ሲታሰር ሕዝብ ይደሰታል፤ ቴሌቪዥን ያሳያል፤ የጊዜ ቀጠሮው በ14፣ 14 ቀን ይቀጥላል። ማስረጃው ሳይዘጋጅ የታሰረ ሰው ግን ወይ ንጹሕ ሆኖ ይጎዳል፣ ወይ ጥፋተኛ ሆኖ ነጻ ይወጣል። ሁለቱም የእኩልነት ጉድለት ናቸው።

ይህች አገር በዚህ ረገድ መራራ ትምህርት አላት። በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው የተያዙት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ ፍርድ ቤት ዋስትና ከፈቀደላቸው በኋላ እንደገና ተያዙ፤ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 239/1993ም በጥድፊያ ወጣ። ዋስትናውን የፈቀዱት ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 434/1997 ከ10 ዓመት በላይ በማያስቀጣ የሙስና ክስ ዋስትና እንዲፈቀድ ተመለሰ። በግንቦት 2005 የተያዙት የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2010፣ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። ሥልጣን ሲቀየር የሚከፈትና የሚዘጋ ፋይል ሕዝቡን «የተበላው ገንዘብ የታለ?» ከማለት አያድነውም። ተከሳሹ የማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ማስረጃውን ይውጠዋል።

ሳይፈረድ ፊት መለጠፍም ከዚሁ ወገን ነው። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ በወጣና በተዘዋወረ ጊዜ፣ ገንዘቡን አልመለሱም የተባሉ ሰዎች ስምና ፎቶ ይፋ ተደርጎ ነበር። ገንዘብ ካወጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብዙ ነበሩ። የተወሰደ ገንዘብ መመለስ አለበት፤ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ፎቶ ከክስ በፊት የሚለጠፍ ከሆነ፣ በብዙ ሚሊዮን የተጠረጠረ ዳይሬክተር ደግሞ «ምርመራው እንዳይደናቀፍ» ስሙ የሚደበቅ ከሆነ፣ አንዱ ደንብ ለሁለቱ አልሠራም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ያስቀመጠው እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ለተማሪውም ነው፣ ለዳይሬክተሩም ነው።

ያለመከሰስ መብት ስላለው የምክር ቤት አባልም አንድ ነገር እናንሳ። አንቀጽ 54 ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ እንዳይያዝና እንዳይከሰስ ነው የሚከላከለው። የድርጅቱን ቫውቸር ከመሰብሰብ፣ ግንባታውን ከመለካት፣ ምስክር ከማናገር ማንንም አያግድም። «ያለመከሰስ መብቱ እስኪነሳ» ተብሎ የሚቆም ምርመራ ያለምክንያት ነው የቆመው።

ድርጅቱን ቀጥቶ ሰዎቹን መተው

የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 34 የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት በወንጀል የሚጠየቅበትን ሁኔታ ይደነግጋል፤ ይህ ግን የኃላፊዎቹን የግል ተጠያቂነት አይተካም። በዓለም የታወቀው ምሳሌ ኤችኤስቢሲ ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የሜክሲኮ የአደንዛዥ ዕፅ ገንዘብ በባንኩ በኩል መታጠቡ ተረጋግጦ 1.92 ቢሊዮን ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት ከፈለ፤ በወንጀል የተከሰሰ የባንኩ ኃላፊ ግን አልነበረም። በዚያው በአሜሪካ ጥቂት ግራም ዕፅ ይዞ የተገኘ ወጣት እስር ቤት ይገባል።

በእኛ ደግሞ መቀጮው ራሱ ያንሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 90 ሌላ ልዩ ድንጋጌ ከሌለ ለግለሰብ ከ10 እስከ 10,000 ብር፣ ለድርጅት ከ100 እስከ 500,000 ብር ያስቀምጣል። ሕጉ ሥራ ላይ ከዋለበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብር ምን ያህል እንደወረደ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ በክሱ ላይ መቀጮ ብቻ ተጠይቆ ከታለፈ ድርጅቱ እንደ አንድ ወጪ ቆጥሮት ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ የንብረት ውርስን፣ ተጎጂው ድርጅትም የጉዳት ካሣን አብረው ካልጠየቁ ዋናው ገንዘብ ይቀራል። ፊንላንድ መቀጮን በቀን ገቢ ትሰፍራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የኖኪያ ዳይሬክተር በፍጥነት በማሽከርከር 116,000 ዩሮ ተጥሎበት ነበር፣ ኋላ ገቢው መቀነሱ ታይቶ ዝቅ ተደረገለት እንጂ። ለደመወዝተኛውም ለባለሀብቱም አንድ ሺህ ብር ሲባል እኩል የሚመስለው ቁጥሩ ብቻ ነው።

ስሜት የሞላው፣ ዝርዝር የሌለው ጥቆማ

ከላይ በተጠቀሰው የ2024 ጥናት 43 በመቶው ማጭበርበር የወጣው በጥቆማ ነው፤ ከግማሽ በላዩ ጥቆማ ደግሞ ከሠራተኞች የመጣ ነው። ያም ሆኖ «ሁሉም ሌቦች ናቸው፣ መንግሥት ይድረስልን» የሚል ባለአራት ገጽ ደብዳቤ ማንም ሊመረምረው አይችልም። ለማኅበራዊ ሚዲያ የተሰጠ ጥቆማም ጉዳቱ ያመዝናል። ተጠርጣሪው ሰነዱን የሚያጠፋበት ጊዜ ያገኛል፤ ጠቋሚውም በስም ማጥፋት ይከሰሳል።

ጥሩ ጥቆማ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የተቋሙ ስምና ቅርንጫፉ፣ የሥራ መደቡ፣ ድርጊቱ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የቫውቸር ወይም የቼክ ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠን፣ ሰነዱ አሁን የትኛው ክፍል በየትኛው ፋይል እንዳለ፣ ማን ሌላ እንደሚያውቅ። በዓይን ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይጻፉ። ወሬ ከሆነ «ሰምቻለሁ» ይበሉ፤ መርማሪው ከዚያ ይነሳል። ዋናውን ሰነድ ሰርቆ ማውጣት ግን አይገባም፤ ጠቋሚውን ራሱን ያስከስሳል፣ የማስረጃውንም ሰንሰለት ይበጥሳል። ቁጥሩን መጻፍ ይበቃል።

በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል አለ። ተጠርጣሪው የበላይ ኃላፊው ራሱ ከሆነ ግን ክፍሉ የሚያመለክተው ለእሱ ስለሆነ ወደ ውጪ መሄድ ይሻላል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንና የክልል ኮሚሽኖች ጥቆማ ይቀበላሉ። ምርመራና ክስ በፌዴራል ደረጃ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ ከኮሚሽኑ ወጥቶ ዛሬ የፖሊስና የፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ነው። ኮሚሽኑ «ለሚመለከተው አስተላልፈናል» ሲል ብዙዎች እንደተገፉ የሚቆጥሩት ይህን ባለማወቅ ነው።

ስም ሳይገልጹ መጠቆም ይቻላል። ስም ከተገለጸ ደግሞ የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፦ ማንነትን መደበቅ፣ የመኖሪያና የሥራ ቦታ መቀየር፣ የመሳሰሉት። ጥበቃው የታሰበው ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ ለሚችሉ ወንጀሎች ስለሆነ፣ ዝርዝሩን ሳያስቡ «ከለላ አለኝ» ብሎ በቢሮ ውስጥ በይፋ መናገር አደገኛ ነው። ጥበቃውን የሚፈልግ ሰው ቃሉን ከመስጠቱ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። ለማንም፣ ለሚያምኑት የሥራ ባልደረባም ቢሆን፣ ጥቆማ ማስገባትዎን አይንገሩ።

ጥቆማው በእጅ ሲሰጥ ሁለት ቅጂ ይያዙ። አንዱ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ ተመትቶ ይመለስልዎ፤ ይህን ቅጂ በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ቤት ያስቀምጡት። በኋላ ለመከታተል ሲሄዱ በመስኮቱ የመጀመሪያው ጥያቄ «የገቢ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ነው።